የስደተኞች ሰፈር፣ የዕውቀት መንደር፦ የደማስቆዋ ሷሊሒያ መልክዓ ምድርና ታሪክ

መግቢያ

ስለ እስልምና የዕውቀት ማዕከላት በሚነገርበት ጊዜ ቀድመው የሚነሡት ታላላቅ ከተሞች ናቸው፤ መዲና፣ ባግዳድ፣ ካይሮ፣ ደማስቆ። ሰፈር ግን እምብዛም አይጠራም። ሆኖም በየሐሪማውና በየመድረሳው ከምናስቀራቸው ኪታቦች፣ እጅ በእጅ ከምንቀባበላቸውም ሰነዶች ጥቂት የማይባሉት የተጻፉት ወይም የተላለፉት በአንዲት የከተማ ዳርቻ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ነው። ይህች ሰፈር ከደማስቆ ቅጥር ውጭ፣ በቃሲዩን ተራራ ግርጌ፣ በስድስተኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቀያቸውን ጥለው በመጡ የገጠር ሰዎች የተቆረቆረችው ሷሊሒያ ናት።

ከጥቂት መንደሮች የፈለሱ ቤተሰቦች ያቆሟት ሰፈር እንዴት ለዚህ ክብር በቃች? የተለመደው መልስ «ታላላቅ ዑለማ ስለ ነበሩባት» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ያልተሟላ ነው። ታላላቅ ዑለማ የነበሩባቸው፣ ዑለማዎቹ ሲያልፉ ግን አብረው የጠፉ ሥፍራዎች ብዙ ናቸውና። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ሷሊሒያን ያቆሟት ከስመ ጥር ሰዎቿ ባሻገር ለተራው ነዋሪ የተደረጉ ሦስት ነገሮች መሆናቸውን ነው፤ እነርሱም የውኃው፣ የእንጀራውና የስም መዝገቡ ጉዳይ ናቸው።

ነገሩ የታሪክ ወግ ብቻ አይደለም። ዛሬ በሀገራችን ከተሞች ዳርቻ በየዓመቱ አዳዲስ ሰፈሮች ይመሠረታሉ። ከልዩ ልዩ ቦታ የመጡ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ቤተሰቦች በአንድ ግቢና በአንድ መንገድ ይሰባሰባሉ። እዚያ የተመደበ ኢማም ሁሉ «ከምን ልጀምር?» ብሎ ይጠይቃል። የሷሊሒያ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ስላለው እዚህ ላይ ተዘርዝሮ ቀርቧል።

ሥፍራው

ደማስቆን ያኖራት የበረዳ ወንዝ ነው። ወንዙ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ካሉት ተራሮች ተነሥቶ ረብዋ በሚባለው ጠባብ ሸለቆ ከወጣ በኋላ የሰው እጅ በቆፈራቸው ቦዮች ይከፋፈላል። በደማስቆ ሰዎች አቆጣጠር የወንዙ ቅርንጫፎች ሰባት ናቸው። ከእነዚህ መካከል ያዚድና ሠውራ የሚባሉት ሁለቱ በሰሜን በኩል የተራራውን ወገብ ተከትለው ይፈሳሉ። በሰሜኑ ወገን ከሁሉም ከፍ ብሎ የሚሄደው ያዚድ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ቦዩን ካሰፋው ከኡመውዩ ኸሊፋ ከያዚድ ኢብን ሙዓዊያ ነው።

ይህ ቦይ መሬቱን ለሁለት ይከፍለዋል። ከቦዩ በታች ያለው መሬት ውኃ የሚደርሰው፣ በአትክልትና በፍራፍሬ የተሸፈነ፣ ባለቤት ያለውና ውድ ነው። ከቦዩ በላይ ያለው ደግሞ ደረቅ፣ ድንጋያማና አቀበታማ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 690 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ የቃሲዩን ጫፍ ከ1,100 ሜትር በላይ ይደርሳል። ተራራው ከሰፈሩ በፊትም ባዶ አልነበረም። ቃቢል ወንድሙን ሃቢልን የገደለበት ነው የሚባለው «የደም ዋሻ» እዚያ ስለሚገኝ ሰዎች ለዚያራ ይወጡ ነበር፤ የመቃብር ሥፍራዎችም ነበሩበት። ሊኖርበት የሚሻ ሰው ግን ጥቂት ነበር።

ሷሊሒያ የተመሠረተችው በዚህ መስመር ላይ፣ ውኃ በሚገኝበት መሬትና በደረቁ አቀበት መገናኛ ነው። አቀማመጧ ጥቅምም ችግርም ነበረው። ጥቅሙ፣ ምንም የሌለው ስደተኛ የማንንም አትክልት ሳይነካና ከማንም ጋር ሳይጣላ ቤት ሊሠራበት የሚችል መሬት መሆኑ ነው። ችግሩ ደግሞ፣ ከቦዩ ከፍ ባለው ቁልቁለት ላይ የሚሠራ ማንኛውም ሕንፃ ውኃውን ከእግሩ ሥር ሲፈስ እያየ ሊያገኘው አለመቻሉ ነው። ይህ ችግር በሰፈሩ ታሪክ ውስጥ ተመልሶ ሲመጣ እናያለን።

ስደቱ

የሰፈሩ መሥራቾች የመጡት ከፍልስጤም፣ ከናቡሉስ አካባቢ ከምትገኘው ከጀማዒል መንደርና ከጎረቤቶቿ ነው። አካባቢው በዚያ ጊዜ በመስቀል ጦረኞች አገዛዝ ሥር ነበር። የቤተሰቡ ታሪክ ጸሐፊ ሐፊዝ ዲያኡድዲን አል-መቅዲሲ (569–643 ዓ.ሂ.) የሽማግሌዎቹን ትረካ ሰብስበው እንዳቆዩልን፣ ሌሎች የፍራንክ ገዢዎች ከእያንዳንዱ ወንድ አንድ ዲናር ሲያስከፍሉ የአካባቢው ጌታ ግን አራት ዲናር ያስከፍል፣ በገበሬዎቹም አካል ላይ ጉዳት ያደርስ ነበር።

የጀማዒል ኻጢብ ሸኽ አሕመድ ኢብን ሙሐመድ ኢብን ቁዳማ ነበሩ። በጁምዓ ቀን ከየመንደሩ ሰዎች ኹጥባቸውን ለመስማት ይሰበሰቡ ጀመር። ጌታው ይህ ገበሬውን ከሥራ ያስፈታዋል ብሎ ሊያስገድላቸው ማሰቡን ከራሱ ጸሐፊዎች አንዱ ለሸኹ አስጠነቀቃቸው። በ551 ዓ.ሂ. (1156 እ.ኤ.አ.) ሸኹ በድብቅ ወደ ደማስቆ ተሻገሩ። ከዚያም ቤተሰባቸው፣ ዘመዶቻቸውና ጎረቤቶቻቸው በየተራ ተከተሏቸው። ደማስቆ ከሁለት ዓመት በፊት በኑሩድዲን ዘንኪ እጅ ገብታ ነበር።

ስደተኞቹ በመጀመሪያ ያረፉት ከከተማው ምሥራቃዊ በር ውጭ በሚገኘው በአቡ ሷሊሕ መስጂድ ነው። በዚያ ሁለት ሦስት ዓመት ያህል ተቀመጡ። ቦታው ጠባብና ለጤና የማይስማማ ስለ ነበር በሽታ ገባ፤ ብዙዎችም ሞቱ። በመስጂዱ ወቅፍ ላይም ከቀድሞዎቹ ተጠቃሚዎች ጋር ክርክር ተነሣ። ሸኽ አሕመድ በሰው ሀብት ለመሻማት አልተሰደድኩም በሚል መንፈስ ክርክሩን ትተው ወደ ተራራው ለመውጣት መረጡ።

የሰፈሯ ስም የሚያስታውሰው ይህንኑ ማረፊያ ነው። «ሷሊሒያ» የሚለውን ስም ሰሚ ሁሉ «የደጋጎች ሰፈር» ብሎ ይተረጉመዋል። የሸኹ ልጅ አቡ ዑመር ግን ስሙ የመጣው ከአቡ ሷሊሕ መስጂድ በመነሣታቸው እንጂ እነርሱ ሷሊሖች ስለ ሆኑ እንዳልሆነ ይናገሩ እንደ ነበር ተላልፏል። ለራስ የሚሰጥን ውዳሴ ከምንጩ የሚያደርቅ የትሕትና አነጋገር ነው።

ቤት፣ መስጂድ፣ ጉድጓድ

በተራራው ላይ መጀመሪያ የተሠራው ብዙ ክፍሎች ያሉት አንድ የጋራ መኖሪያ ነው። ደይር አል-ሐናቢላ፣ ማለትም «የሐንበሊዎች ግቢ» ይባል ነበር። ቀጥሎ የመጡት ዘመዶች በዙሪያው ቤት ሠሩ፤ ገበያም ቆመ። ሸኽ አሕመድ በ558 ዓ.ሂ. ሲሞቱ ኀላፊነቱ ወደ ታላቁ ልጃቸው ወደ አቡ ዑመር (528–607 ዓ.ሂ.) ተላለፈ።

አቡ ዑመር በታሪክ መጻሕፍት የሚነሡት በጻፉት ኪታብ ብዛት አይደለም። በዚህ ታናሽ ወንድማቸው ሙወፈቁድዲን ኢብን ቁዳማ ይበልጧቸዋል። የሚነሡት ለሰፈሩ ባደረጉት ነው። ሙስሓፎችን በእጃቸው እየገለበጡ ያለ ክፍያ ይሰጡ ነበር። ከተራራው ቁጥቋጦ ቆርጠው ወደ መበለቶችና ወደ የቲሞች ቤት ያደርሱ እንደ ነበርም ይተረካል። ማገዶ የተሸከመው ይህ ሰው የሰፈሩ ኻጢብም ነበር።

ሰፈሩ ትልቅ የጁምዓ መስጂድ ለመሥራት የተነሣው በ598 ዓ.ሂ. (1202 እ.ኤ.አ.) ነው። ይህ ቀን ልብ ሊባል ይገባል። ነዋሪዎቹ በተራራው ላይ ከ40 ዓመታት በላይ ከኖሩ በኋላ መሆኑ ነውና። የመስጂዱ ግንባታ እንዴት እንደ ሄደ ኢብን ከሢር ዘግበውልናል። መጀመሪያ ወጪውን የሸፈነው ባለሥልጣን አልነበረም፤ መሓሲን የሚባል አንድ የደማስቆ ሰው እንጂ። ግንቡ የሰው ቁመት ያህል ከደረሰ በኋላ ገንዘቡ አለቀ። ያን ጊዜ የኢርቢል ገዢ ሙዘፈሩድዲን ኮክቡሪ ገንዘብ ልኮ አስጨረሰው፤ መስጂዱም እስከ ዛሬ «አል-ጃሚዕ አል-ሙዘፈሪ» በመባል በስሙ ይታወቃል። የሐንበሊዎች መስጂድም ይባላል። ኮክቡሪ በኢርቢል በሚያዘጋጀው ደማቅ የመውሊድ በዓል ስሙ የገነነ ገዢ መሆኑን አንባቢ ያስታውሰዋል።

ሕንፃው ቢጠናቀቅም ውኃ አልነበረውም። ኮክቡሪ ውኃ የሚጠለፍበትን አንድ ሺህ ዲናር ላከ። የደማስቆው ገዢ አል-ሙዐዘም ግን ቦዩ በብዙ የሙስሊም መቃብሮች ላይ ያልፋል የሚል ምክንያት አቅርቦ ሳይፈቅድ ቀረ። የሰፈሩ ሰዎች ከገዢው ጋር ሙግት አልገጠሙም፤ ሥራውንም አልተዉም። በመስጂዱ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ውኃውን የሚያወጣ በበቅሎ የሚዞር መሣሪያ ተተከለ። ከዚያም ይህንኑ የሚያንቀሳቅስ ወቅፍ ተመደበ።

የመጨረሻዋ ነጥብ የሰፈሩን አሠራር ታሳያለች። ጉድጓድ መቆፈር የአንድ ጊዜ በጎ አድራጎት ነው። በቅሎዋ ግን በየቀኑ ትበላለች፤ መሣሪያው ይሰበራል፤ የሚነዳት ሰው ደመወዝ ይሻል። ወቅፉ የተመደበው ለዚህ የዕለት ወጪ ነው። መስጂድ አሠርቶ መሄድና መስጂዱ ነገ ዉዱእ የሚደረግበት ውኃ እንዲኖረው ማድረግ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን የሷሊሒያ ሰዎች ተረድተው ነበር።

እንጀራና ቁርኣን

በአቡ ዑመር ስም የምትጠራው መድረሳ ዑመሪያ ለድኾች የቁርኣን ተማሪዎች የተሠራች ናት። ተጓዡ ኢብን በጡጣ በ726 ዓ.ሂ. (1326 እ.ኤ.አ.) ደማስቆን ሲጎበኝ ሷሊሒያን ገበያና መስጂድ ያላት ራሷን የቻለች ትልቅ ከተማ አድርጎ ገልጿታል። ስለ መድረሳዋ ሲናገርም፣ ቁርኣን ለመማር ለሚሹ ጎልማሶችና ሽማግሌዎች ወቅፍ የተደረገች መሆኗን፣ ለተማሪዎቹም ለአስተማሪዎቻቸውም የሚበቃ ምግብና ልብስ እንደሚሰጥ ይመሰክራል።

ይህ ምስክርነት ሁለት ቁም ነገር ይዟል። አንደኛ፣ ትምህርቱ ለሕፃናት ብቻ አልተተወም። በእርሻና በስደት ዕድሜው ያለፈ፣ ፋቲሓን በወጉ መቅራት የሚያፍር ሽማግሌ ቦታ ነበረው። ሁለተኛ፣ ምግቡ የትምህርቱ ክፍል እንጂ ከትምህርቱ ውጭ የሚሰጥ ምጽዋት አልነበረም። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በወሎ ሐሪማዎች ደረሳው በአካባቢው ሕዝብ ማዕድ እየኖረ የቀራው በዚሁ መሠረት ነው። ልዩነቱ፣ እኛ ዘንድ ማዕዱ በሕዝቡ ቸርነት ላይ ሲቆም፣ ሷሊሒያ ውስጥ በወቅፍ ሰነድ የታሰረ ገቢ ላይ መቆሙ ነው። ቸርነት በድርቅ ዓመት ይሳሳል፤ በሚገባ የተያዘ ወቅፍ ግን ክፉውን ዓመት ለማለፍ አቅም ይሰጣል።

በዚህ ድጋፍ ላይ ነው የዕውቀቱ ሕንፃ የተገነባው። በአሥር ዓመቱ ከጀማዒል የተሰደደው ሙወፈቁድዲን ኢብን ቁዳማ (541–620 ዓ.ሂ.) ከአክስቱ ልጅ ከዐብዱልገኒይ ጋር በ561 ዓ.ሂ. ለትምህርት ወደ ባግዳድ ሄደ። ሁለቱ ወጣቶች በሸኽ ዐብዱልቃዲር አል-ጀይላኒ መድረሳ አርፈው፣ ሸኹ እስከሞቱበት ቀን ድረስ ለጥቂት ሳምንታት ከእርሳቸው ተምረዋል። አንደኛው ተመልሶ የንጽጽር ፊቅህ ታላቅ ሥራ የሆነውን «አል-ሙግኒ»ን ጻፈ፤ ሁለተኛው ብዙዎቻችን የምናስቀራትን «ዑምደቱል-አሕካም»ን አዘጋጀ። ዲያኡድዲን ደግሞ ከሙዘፈሪ መስጂድ አጠገብ የሐዲስ መድረሳ ሠርተው ኪታቦቻቸውን ወቅፍ አደረጉላት፤ ሌሎች የቤተሰቡ ዑለማም የየራሳቸውን ጨመሩበት።

የተዘነጋው ልጅ ስም

አሁን ወደ ሦስተኛው ጉዳይ፣ ወደ ስም መዝገቡ እንግባ። በዚያ ዘመን አንድ ኪታብ በመምህር ፊት ሲነበብ የተገኙት ሰዎች ስም በኪታቡ ላይ ይጻፍ ነበር። ይህ ጽሑፍ «ሰማዕ» ይባላል። ማን አነበበ፣ የት፣ በየትኛው ቀን፣ ማን ሙሉውን ሰማ፣ ማን አርፍዶ መጣ፣ ልጁ ስንት ዓመቱ ነው የሚሉት ሁሉ ይመዘገባሉ። ከ550 እስከ 750 ዓ.ሂ. በደማስቆ የተጻፉ እነዚህ መዝገቦች በ1996 እ.ኤ.አ. ተሰብስበው ታትመዋል። በውስጣቸው ከታላላቅ ዑለማ ጎን የእጅ ባለሙያዎች፣ ሴቶችና በወላጆቻቸው እጅ ተይዘው የመጡ ሕፃናት ስም ይገኛል።

መዝገቡ ምን እንደሚያተርፍ ለመረዳት የአንድ ሰው ታሪክ ይበቃል። በ630 ዓ.ሂ. (1232/33 እ.ኤ.አ.) ከባግዳድ የመጡት ሸኽ አል-ሑሰይን ኢብን አዝ-ዘቢዲ በቃሲዩን ሶሒሕ አል-ቡኻሪን አስተላለፉ። ከሰሚዎቹ መካከል አሕመድ ኢብን አቢ ጣሊብ የሚባል አንድ የሰፈሩ ልጅ ነበር። ልጁ አደገ፤ ዓሊም ግን አልሆነም። ድንጋይ ጠራቢ ሆኖ ኖረ፤ የድንጋይ ጠራቢዎችም አለቃ ሆኖ ለ25 ዓመታት ያህል ሠራ፤ በስተ እርጅናው ልብስ ይሰፋ ነበር። አል-ሐጃር፣ ማለትም «ድንጋይ ጠራቢው» የሚለው መጠሪያው የመጣውም ከሙያው ነው።

በ706 ዓ.ሂ.፣ ከዚያ ንባብ ከ76 የሂጅራ ዓመታት በኋላ፣ ስሙ ከአዝ-ዘቢዲ ሰሚዎች ዝርዝር ውስጥ ተገኘ። ከእርሱ በቀር በዚያ ደረጃ ሶሒሑን በቀጥታ የሰማ ሰው ፈጽሞ እየታጣ ነበር። ሙሐዲሶች ተደሰቱ፤ ከየአገሩም ወደ ሽማግሌው መጡ። ሶሒሑ በፊታቸው ከ60 ጊዜ ያላነሰ ተነበበ። ኢብን ከሢር ከእርሳቸው ሰምተዋል። ኢብን በጡጣም በ726 ዓ.ሂ. በኡመውዩ መስጂድ በ14 መቀመጫ ሶሒሑን ከእርሳቸው መስማቱን ጽፏል። በ730 ዓ.ሂ. ከመቶ ዓመት በላይ ኖረው ሞቱ።

ዛሬ በዓለም ላይ ከሚገኙት የሶሒሕ አል-ቡኻሪ ሰነዶች አብዛኞቹ በእኚህ ድንጋይ ጠራቢ በኩል ያልፋሉ። የፈትሑል-ባሪ ባለቤት ሐፊዝ ኢብን ሐጀር ሶሒሑን ከወሰዱባቸው መንገዶች አንዱ ከሸኻቸው ከአት-ተኑኺ፣ ከአል-ሐጃር የሚለው ነው። እንግዲህ ሰነዳችን በኢብን ሐጀር በኩል የሚያልፍ የሀገራችን መምህራን ሁሉ፣ ከአንድ የዳርቻ ሰፈር ልጅ ጋር በስም የተሳሰርን ነን። ያን ቀን ጸሐፊው «ይህ የጠራቢ ልጅ ምን ሊሆን ነው» ብሎ ስሙን ትቶት ቢሆን ኖሮ ይህ መንገድ አይኖርም ነበር።

የሰፈሩ ሴቶችም በዚሁ መዝገብ ይታወቃሉ። ዘይነብ ቢንት አል-ከማል (646–740 ዓ.ሂ.) በልጅነቷ የተያዙላት ኢጃዛዎች የግመል ጭነት የሚያህል ኪታብ ለብቻዋ ታስተላልፍ ዘንድ እንዳበቋት አዝ-ዘሀቢ ይናገራሉ። ዓኢሻ ቢንት ሙሐመድ ኢብን ዐብዱልሃዲ (723–816 ዓ.ሂ.) ገና በሕፃንነቷ አል-ሐጃርን ሰምታ፣ ከእርሳቸው በመስማት የቀረች የመጨረሻዋ ሰው ለመሆን በቃች። ኢብን ሐጀር በ802 ዓ.ሂ. ወደ ደማስቆ ሲመጡ ብዙ ኪታቦችን በፊቷ አንብበዋል። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላም የዚያው ቤተሰብ ልጅ ዩሱፍ ኢብን ዐብዱልሃዲ (ሞት 909 ዓ.ሂ.) በቤቱ ኪታብ ሲያነብ የባለቤቱንና የልጆቹን፣ የቤቱንም ሰዎች ስም እየመዘገበ አቆይቷል። ዕውቀት ከመስጂድ ወጥቶ ወደ ቤት ገብቶ ነበር ማለት ነው።

በአንድ ተራራ ላይ ብዙ ሰዎች

ኢብን በጡጣ የሷሊሒያ ሰዎች ሁሉ ሐንበሊዎች ናቸው ብሏል። ይህ የተጓዥ ጥቅል አነጋገር ነው፤ ሕንፃዎቹ የሚናገሩት ከዚህ ሰፋ ያለ ነው። የሐነፊዎችና የሻፊዒዎች መድረሳዎች እዚያው ቆመዋል። የሱልጣን ሷላሑድዲን እኅት ረቢዓ ኻቱን ለሐንበሊዎች መድረሳ ያሠራችው አመቱል-ለጢፍ በምትባል ዓሊማ ምክር ነው። በሰባተኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተሠራው የቀይመሪ ሆስፒታልም ለሰፈሩ ሕሙማን አገልግሏል።

ሰፈሩ ሌሎችንም ስደተኞች ተቀብሏል። ከአንደሉስ የመጡት ሙሕዪድዲን ኢብን ዐረቢ በ638 ዓ.ሂ. ሞተው የተቀበሩት በዚሁ ተራራ ግርጌ ነው። በነሕው ትምህርት ደረሶቻችን የሚያጠኑት የ«አልፊያ» ባለቤት ኢብን ማሊክም ከአንደሉስ መጥተው በ672 ዓ.ሂ. በደማስቆ ሞቱ፤ መቃብራቸውም በቃሲዩን ነው። በአስተሳሰብ እጅግ የሚራራቁ ዑለማ በአንድ ቁልቁለት ላይ ጎን ለጎን አርፈዋል።

ይህን ስንል ሰላም ብቻ ነበር ማለታችን አይደለም። ሐፊዝ ዐብዱልገኒይ በዐቂዳ ጉዳይ በተነሣ ክርክር ምክንያት ደማስቆን ለቀው በ600 ዓ.ሂ. ግብፅ ውስጥ ሞተዋል። ክርክሩ የበረታና ያቆሰለ ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው የሰፈሩ መሠረታዊ አገልግሎቶች ማለትም ጉድጓዱ፣ መድረሳው፣ ማዕዱ በክርክሩ ምክንያት አለመቆማቸው ነው።

ጥፋትና ቅሪት

በ699 ዓ.ሂ. (1300 እ.ኤ.አ.) የሞንጎሉ ገዢ ጋዛን ጦር ሶርያን ሲወርር ቅጥር ያልነበራት ሷሊሒያ ከሁሉ ይልቅ ተጎዳች። ብዙ ሰው ተገደለ፤ ብዙ ሰው ተማረከ። የዲያኢያ መድረሳ ኪታቦችም ተዘረፉ። ኢብን ከሢር እንደሚሉት ኪታቦቹ ወቅፍ የሚለው ጽሑፍ በላያቸው ላይ እያለ ይሸጡ ነበር። ዳርቻነት ለስደተኛ መሬት ቢሰጥም ከለላ አይሰጥም።

ሰፈሩ ግን ከዚያ በኋላም ቀጠለ፤ ኢብን በጡጣ ያየው ከጥፋቱ 26 ዓመታት በኋላ ያገገመውን ነው። ዑስማኒው ሱልጣን ሰሊም ሶርያን ከያዘ በኋላ በ1518 እ.ኤ.አ. በኢብን ዐረቢ መቃብር ላይ መስጂድ፣ ትይዩም ለድኾች ምግብ የሚቀርብበት ቤት አሠራ። የሰፈሩ ተወላጅ ሸምሱድዲን ኢብን ጡሉን (880–953 ዓ.ሂ.) የመንደራቸውን መስጂዶች፣ መድረሳዎች፣ ወቅፎችና መቃብሮች አንድ በአንድ የዘረዘሩበትን «አል-ቀላኢድ አል-ጀውሀሪያ» የተባለውን የሷሊሒያ ታሪክ ጻፉ። ስለ አንድ የዳርቻ ሰፈር ይህን ያህል የምናውቀው የሰፈሩ ሰው ሰፈሩን ለታሪክ የሚበቃ አድርጎ ስለቆጠረው ነው።

ከጦር ይልቅ በዝግታ የጎዳው የወቅፍ ጥበቃ መላላት ነበር። ገቢው ሲቀንስና ተቆጣጣሪ ሲጠፋ ኪታቦቹ አንድ በአንድ ወጡ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሸኽ ጧሂር አል-ጀዛኢሪና ባልደረቦቻቸው ከዑመሪያ የተረፈውን ከሌሎች የወቅፍ ስብስቦች ጋር ወደ ዟሂሪያ ቤተ መጻሕፍት አሰባሰቡ። በዚያው ዘመን ከሷሊሒያ ጎን፣ በዚያው ተራራ ላይ፣ ከባልካንና ከቀርጤስ ለተሰደዱ ሙስሊሞች «ሙሃጂሪን» የተባለ ሰፈር ተመሠረተ። ከሰባት ክፍለ ዘመናት በላይ ቆይቶ ያው ቁልቁለት ሌሎች ስደተኞችን ተቀበለ። ዛሬ ሁለቱም ሰፈሮች የደማስቆ አካል ሆነዋል፤ በመካከል የነበረው አትክልት ተሠርቶበታል። የሙዘፈሪ መስጂድ ግን አሁንም በሥፍራው ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው ለመምህራንና ለኢማሞች የሚጠቅሙ ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ።

የመጀመሪያው ቅደም ተከተል ነው። ሷሊሒያ ከቤት ወደ ትምህርት፣ ከትምህርት ወደ ጁምዓ መስጂድ አደገች። መስጂዱ ሲሠራ ሰጋጁ ጀማዓ ቀድሞ ነበረ። አዲስ ሰፈር ውስጥ የሚያገለግል ኢማም ግንቡ ዘገየ ብሎ ልቡ ሊሰበር አይገባም። በአንድ ክፍል የሚቀራው የጎልማሶች ሐልቃ፣ የመበለቷን ደጃፍ የሚያንኳኳው ጎረቤት፣ እነርሱ መሠረቱ ናቸው።

ሁለተኛው የዕለት ወጪ ነው። ለግንባታ የሚሰጥ ብዙ ነው፤ ለበቅሎዋ ቀለብ የሚሰጥ ግን ጥቂት ነው። ውኃ፣ መብራት፣ የመምህሩ ደመወዝ፣ የደረሳው ምግብ ገና ከጅምሩ የታወቀ ገቢ ሊታሰብላቸው ይገባል። ገቢው ትንሽ ቢሆንም በጽሑፍ የተያዘና ተቆጣጣሪ ያለው ይሁን። ሷሊሒያን ያኖራት ወቅፍ ሲሆን፣ ያደከማትም የወቅፍ ጥበቃ መላላት ነው።

ሦስተኛው ምንም ወጪ የማይጠይቅ ነው፤ መዝገብ። በየመስጂዶቻችን ከዐስር በኋላ የሚቀሩ ስንት ልጆች አሉ? ከአምስት ዓመት በኋላ ማን ምን እንደቀራ፣ በማን እንደቀራ የሚነግረን ጽሑፍ የት አለ? ቤተሰቡ ሰፈር ሲቀይር ልጁ ከመምህሩ ልብ ውጭ ማስታወሻ ሳይኖረው ይሄዳል፤ መምህሩ ሲሞት ደግሞ ያም ይጠፋል። ቀኑን፣ ኪታቡን፣ የአስቀሪውንና የቀሪውን ስም የሚይዝ አንድ ደብተር ለዚህ ይበቃል። የጎበዙም ስም፣ የሰነፉም ስም፣ በእናቷ ጀርባ ታዝላ የመጣችውም ሕፃን ስም ይጻፍ። ከእነርሱ መካከል አል-ሐጃር ማን እንደሆነ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነውና።